አንድ ጸሎት ያህል

ሰፈሩ ሁሉ «ጆሮ» ነው የሚለው። ትክክለኛ ስሙን የሚያውቁት ሚስቱና መታወቂያው ብቻ ናቸው እያሉ ይቀልዱበታል። ሥራው ሞተር ሳይክል መጠገን ነው፤ ጠጋኝ ደግሞ በየመንገዱ ሞልቷል። እሱን የሚለየው ብሎን ከመፍታቱ በፊት ማዳመጡ ነው። የረጅም ካቻቢቴውን ጫፍ ሞተሩ ላይ ያስደግፋል፣ እጀታውን ጆሮው ሥር ይለጥፋል፣ ዓይኑን ይጨፍናል። ያን ጊዜ ጋራዡ ውስጥ ማንም ትንፍሽ አይልም። ባለ ሞተሩም ሐኪም ፊት ሸሚዙን እንዳወለቀ ሰው እጁን አጣምሮ ይጠብቃል። ጆሮ ዓይኑን ሲገልጥ ወይ «የጭስ ማውጫዋ ቫልቭ ላልታለች» ይላል፣ ወይ ደግሞ «እሷ ምንም የላትም፣ አንተ ነህ የምታስጮሃት» ብሎ ባለቤቱን ያሳፍራል።

ይህን ያስተማረው የለም። በልጅነቱ የሞተር ድምፅ ሲሰማ ቆም ይል ነበር፤ ቆሞ ቆሞ ሃምሳ ሦስት ዓመት ሞላው። ሲያዳምጥ ከንፈሩ ትንሽ ይንቀሳቀሳል። ሰው ቁጥር የሚቆጥር ይመስለዋል እንጂ እሱስ «አንተ ታውቃለህ፣ አሳየኝ» ነው የሚለው፤ የሚለውም ለፈጣሪው ነው።

ሚስቱ አዋላጅ ናት። ጤና ጣቢያው በሰጣት ሞተር ሳይክል ከከተማው በስተጀርባ ያለውን አቀበት እየወጣች ላይኛው መንደር ያሉ ነፍሰ ጡሮችን ትጎበኛለች፣ ሲጠሯትም ታዋልዳለች። ጆሮ ጋራዡ ውስጥ ሰው ሲኖር «ሲስተር» ይላታል፤ ብቻቸውን ሲሆኑ «እመቤቴ»፤ ሲናደድ «ሴትዮ»። እሷ ግን ሲደሰትም ሲከፋትም «አንተ ሰውዬ» ከማለት አትወጣም፤ የትኛው እንደሆነ ከድምፅዋ መለየት የሱ ፈንታ ነው።

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፣ በየማለዳው፣ ከቤታቸው ጓሮ፣ እሷ ሞተሯ ላይ ተቀምጣ እሱ ካቻቢቴውን ይዞ ይንበረከካል። ያዳምጣል። ዓይኑን ይገልጥና «ሂጂ» ይላታል። ያቺ «ሂጂ» ከሌለች እሱ ቀኑን ሙሉ እጁ ሥራ አይይዝም። ሞተሯ በአየር የምትቀዘቅዝ ናት፤ ሲሊንደሯን የከበቡት የብረት ክንፎች ንፋስ እየጠጡ ሙቀቱን ያወጡላታል፤ ውስጧም የሚለውን ሁሉ በክንፎቹ በኩል ወደ ውጭ ትናገራለች። ጆሮ «ይቺ ሆዷ ውስጥ ምስጢር አታውቅም» ይላታል፣ ሚስቱንም በጎን እያየ።

እንግዲህ አንድ ሰኞ ማታ፣ ራት ላይ፣ ሚስቱ ሳህኑን ወደ እሱ ገፋ አደረገችና፣

«አሮጊቷን ሊወስዷት ነው» አለች።

«የትኛዋን አሮጊት?»

«ሞተሬን። ሁለት አዳዲስ መጥተዋል። ለኔ አንዷ፣ ለክትባቱ ልጅ አንዷ። ቅድሚያ ላንቺ ነው፣ ምረጪ ብለውኛል። አንዷ እንደ ቀድሞዋ በአየር ናት። አንዷ በውሃ ናት፤ ራዲያተር ያላት።»

«ታዲያ ምኑ ያስመርጣል?» አለ ጆሮ። እንጀራው አፉ ውስጥ እንዳለ ፈገግ አለ።

«እኔ የማውቀው ማዋለድ ነው። አንተ እያቸውና ንገረኝ። አርብ ጠዋት ያንተን ቃል ነው የማደርስላቸው።» ውሃ ቀዳችለትና «ግን ልብ ብለህ እያቸው፣ አንተ ሰውዬ» አለች።

ያቺ «አንተ ሰውዬ» ከሁለቱም አልነበረችም። ጆሮ ግን በዚያች ሰዓት አልሰማትም።

በማግስቱ ጤና ጣቢያው ግቢ ሄደ። የአየሯን አስነሳና ካቻቢቴውን አስደገፈ፤ ሁሉ ነገር ጥርት ብሎ መጣለት። የውሃዋን አስነሳ። ካቻቢቴውን ከላይ አደረገ፣ ከጎን አደረገ፣ ከሥር አደረገ። ሲሊንደሩን የከበበው ውሃ ድምፁን ሁሉ ውጦታል። ከግድግዳ ወዲያ የሚያወሩ ሰዎችን እንደ ማዳመጥ ነው፤ መኖራቸው ይሰማል፣ የሚሉት አይሰማም። አጠፋት። ካጠፋት በኋላ ግን አንድ ነገር ከፊቷ «ሽሽሽ» ማለት ጀመረ። ጆሮ ቁልፉን ደጋግሞ አዞረ፤ አልጠፋም። ቁልፉን ነቅሎ እጁ ላይ አየው። ዘበኛው ከጥላው ሥር «የራዲያተሯ ፋን ነው፣ ጋሼ። እስክትቀዘቅዝ ራሷ ትሠራለች» አለው። ጆሮ ፊቱ ሞቀ። በሞተር ሥራ በዘበኛ ሲታረም ይህ የመጀመሪያው ነው።

ከዚያ በቀጥታ የሄደው ወደ ጓደኛው የመለዋወጫ ሱቅ ነው። ጓደኛው ሰላምታን እንኳ ያለ መግቢያና መደምደሚያ ስለማያውቅ «ዲስኩር» ይሉታል። ወሬውን ሲሰማ ከባንኮኒው ጀርባ ብድግ አለ።

«በውሃ! ምን ጥያቄ አለው! ጌታዬ፣ ዓለም ሁሉ ወደ ውሃ እየሄደ ነው። ሙቀቷ አንድ ዓይነት፣ ጉልበቷ አንድ ዓይነት፣ ነዳጅ ትቆጥባለች…»

«ድንጋይ ራዲያተሯን ቢበሳትስ? ፓምፑ ቢቆምስ? ላስቲኩ ቢቀደድስ? የአየሯ እኮ የሚፈስ ነገር የላትም። የሌለ ነገር አይበላሽም።»

«ከፊቷ ወንፊት ይደረግላታል። ላስቲክ ይቀየራል። አንተ የምትጠላት ስለማትሰማት ነው።»

ጆሮ ባንኮኒው ላይ የነበረ ብሎን አንሥቶ በጣቶቹ ማዞር ያዘ።

«እውነቴን አይደል? ለሚስትህ ነው ወይስ ለጆሮህ የምትመርጠው?»

«ሳልሰማት እንዴት ሂጂ ልበላት?» አለ ጆሮ ቀስ ብሎ። ዲስኩር ይህን አልጠበቀም፤ ባንኮኒውን በጨርቅ መወልወል ያዘ። ሲወለውል ቆየና በዝቅተኛ ድምፅ፣ ለሱ ባልተለመደ አጭር ዓረፍተ ነገር፣

«አንተ የምታዳምጣት ቆማ ነው። አቀበቱ ላይ ሰምተሃት ታውቃለህ?» አለው።

ሰምቷት አያውቅም። አሥራ አንድ ዓመት አንድም ቀን። እሷ ወደ አቀበቱ፣ እሱ ወደ ጋራዡ ነው። ረቡዕ ማለዳ ካቻቢቴውን ግድግዳው ላይ ሰቀለና «ዛሬ ከኋላሽ ነኝ። በመንገዷ ላይ ልስማት» አላት። ሚስቱ ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ የራስ መከላከያ ቆብ አቀበለችው።

«ያዘኝ» አለች፣ ከወጡ በኋላ።

«የቱ ጋ?»

«ሃያ ስድስት ዓመት አግብተኸኝ የቱ ጋ ትለኛለህ?»

ያዛት። ጎማ ነፊው ከበሩ ሆኖ «ጆሮ! ዛሬ ደግሞ ሙሽራ ሆነህ ነው?» ሲል፣ ከጎኑ ያለው «ተወው፣ ጭነት ነው» ብሎ አሳቀባቸው። ጆሮ አንገቱን ወደ ሚስቱ ትከሻ ቀበረ። እሷ እየሳቀች መሆኗን ከጀርባዋ አወቀ።

ሜዳው ላይ ሞተሯ እንደ ሁልጊዜዋ ነበረች። አቀበቱን ሲጀምሩ ግን ከፊታቸው ጆንያ የጫነ መኪና ገጠማቸው። መንገዱ ጠባብ ነው፤ አይታለፍም። መኪናው በሰው እርምጃ ይጎተታል፣ እነሱም ከኋላው በአንደኛ ማርሽ። ንፋስ የሚባል ነገር ቀረ። ፀሐዩ ከላይ፣ የመኪናው ጭስ ከፊት፣ የሞተሯ ወላፈን ከእግራቸው ሥር። ጆሮ ሰማ፤ መጀመሪያ ድምፅዋ ወፈረ፣ ቀጥሎ ጣሳ ውስጥ ጠጠር የሚያንቀጫቅጭ ዓይነት ነገር ከውስጧ መጣ። ሞተር ሲታመም እንደዚያ ነው የሚለው። ሊናገር አፉን ሲከፍት ሚስቱ ትልቁ መታጠፊያ ላይ ዳር ይዛ አቆመችና አጠፋቻት።

«ደረስን?»

«አይ። እናሳርፋት።»

ከመንገዱ ጎን ካለችው ቤት አንዲት ልብስ ሰፊ ከስፌት መኪናዋ ተነሥታ በርጩማ ይዛ ወጣች። ጆሮን ስታይ ተመለሰችና ሁለተኛ አመጣች። «ባልሽ ነው?» አለች፤ «ያ ‘አሳርፊያት’ ያለው?»

«እሱ ነው፣ እትዬ።»

«ይኸው ታዲያ መጣ» አለች ልብስ ሰፊዋ፣ ብዙ የተወራለትን ሰው በዓይኗ እየመዘነች።

ሚስቱ በርጩማው ላይ ተቀመጠች፣ ዓይኗን ጨፈነች፣ ከንፈሯ መንቀሳቀስ ጀመረ። ጆሮ ትዝ አለው። አሮጊቷ ሞተር በመጣች በመጀመሪያው ሳምንት «አቀበቱ ላይ ከሞቀችብሽ አትጨቅጭቂያት፣ አሳርፊያት። አንድ ጸሎት አድርሺና ተነሺ። ካላረፈች ፒስተኗ ሲሊንደሩ ላይ ነክሶ ቀጥ ይልና ይጥልሻል» ብሏት ነበር። ሰዓት የሌለው ሰው እንኳ ጸሎት አያጣም ብሎ ነው። ደስ አለው። እሱም ዓይኑን ጨፍኖ አባታችን ሆይን አደረሰና አሜን ብሎ ተነሣ።

«በይ እንሂድ።»

እሷ ዓይኗን ሳትገልጥ አንድ ጣቷን አነሣች፤ ቆይ ለማለት።

«ገና ነው» አለችው ልብስ ሰፊዋ ከደጇ፣ መርፌዋን ወደ ብርሃኑ አንሥታ ክር እያስገባች። «እሷ እስክትጨርስ እኔ አንድ እጅጌ ገጥሜ እጨርሳለሁ። በዚህች በርጩማ ላይ ስንት ሸሚዝ እንደወጣ ፈጣሪ ይወቀው። ያን ቀን ብቻ ነው ያልተቀመጠችው። ቆማ፣ ወዲያ ወዲህ እያለች፣ እንባዋ እየወረደ…»

«የትኛው ቀን?» አለ ጆሮ።

«እትዬ!» አለች ሚስቱ፣ ዓይኗን ገልጣ።

ልብስ ሰፊዋ መርፌዋን ከነክሯ አፏ ላይ ያዘች። ሚስቱ ተመልሳ ዓይኗን ጨፈነች፤ የጀመረችውን ጸሎት ሳትጨርስ ትታ አታውቅም። ጆሮም ቆሞ ጠበቀ። ቤቱ ውስጥ ያለች ሰዓት ስትቆጥር ይሰማው ነበር። በመጨረሻ አሜን ስትል፣

«የትኛው ቀን?» አለ እንደገና።

«ባለፈው በጋ ነው» አለች። «ላይኛው መንደር፣ የመጀመሪያ ልጇን የምትወልድ ልጅ ነበረች። ደውለው ጠሩኝ። እዚህ ስደርስ ሞተሯ ይህን ድምፅ አሰማች። አሳረፍኳት። መንደሩ ስደርስ ልጁ በጎረቤቶቿ እጅ ተወልዷል። እናቲቱ ብዙ ደም ፈሷታል።»

«ከዚያስ?»

«ደህና ናቸው። ሁለቱም ደህና ናቸው። አንድ ሩብ ሰዓት ብዘገይ ግን እንጃ።»

ጆሮ ያን ቀን አስታወሰ። ማታ ስትመጣ «እንዴት ዋልሽ?» ብሏት «ደህና ናቸው» ብላው ነበር። እሱ የጠየቃት ስለሷ፣ እሷ የመለሰችው ስለነሱ። ያቺን ልዩነት ያ ስሙ የገነነ ጆሮው አልያዛትም።

«ምነው ዝም አልሽኝ?»

«ምን ልበልህ? በየማለዳው እንደ ልጅ እያቀፍክ የምታዳምጣትን፣ ሞተርህ አስረፈደችኝ ልበልህ?»

«ታዲያ ቢያንስ እንዲህ ማስረዘም ምን አመጣው? እኔ እኮ አንድ ጸሎት ነው ያልኩሽ!»

«አንድ ጸሎት ነው ያደረስኩት። እናቴ ያስተማረችኝን።»

«ከነምልጃው?»

«ከነምልጃው፣ ከነምስጋናው። ታዲያ ጸሎት ሌላ ምንድን ነው?»

«አባታችን ሆይን እኮ ነው ያልኩሽ!»

ሚስቱ አፏን ከፍታ አየችው። «አባታችን ሆይን ብቻ?»

«ብቻ።»

«እሱማ መግቢያው ነው!»

ልብስ ሰፊዋ ጨርቋን ፊቷ ላይ አድርጋ ተንፈቀፈቀች። ሚስቱም ሳቀች፤ ከሳቋ መሀል «አሥራ አንድ ዓመት!» እያለች። ጆሮ ግን አልሳቀም። አንድ ሐሳብ ደረቱ ውስጥ እንደ ሻማ በርቶለታል። እንግዲህ ጥፋቱ የሞተሯ አይደለማ! የቃል ጥፋት ነው። ከእንግዲህ አጭሩን ጸሎት አድርሺ ይላታል፣ ሁለት ደቂቃ አርፋ ትሄዳለች፣ የአየሯን ትመርጣለች፣ እሱም በየማለዳው ተንበርክኮ ይሰማታል። ቃሉ ምላሱ ጫፍ ላይ ነበር። ቢላት ታምነዋለች። የሚያስፈራውም ይህ ነው፤ በሞተር ነገር እሱ ካለ አለ ነው። እሷ ይህን መንገድ ለብቻዋ የምትወጣው የሱን ቃል ተሸክማ ነው።

ቃሉን ዋጠው።

«ጊዜ አለሽ?» አላት።

«ዛሬ የተያዘ ምጥ የለም። ምነው?»

«ወርደን እንደገና እንውጣ።»

ወረዱ። ከአቀበቱ ግርጌ ቆመው ሌላ ጭነት መኪና እስኪመጣ ጠበቁ። መጣ፤ ከኋላው ገብተው እንደገና ተጎተቱ። ያ ጠጠር እንደገና ጮኸ። መታጠፊያው ላይ አቆሙ። ልብስ ሰፊዋ «ረስታችሁ የሄዳችሁት አለ?» አለች።

«አንቺ ያንቺን ጀምሪ» አላት ሚስቱን። እሱም ከጎኗ ቆሞ የራሱን ጀመረ። አሜን ሲል ጣቱን በምራቁ አርሶ ክንፎቹን ነካ። ጭሽ! ጣቱን ነጠቀና ሁለተኛ ጀመረ። ጭሽ። ሦስተኛ። አራተኛውን ሲያደርስ ስለ ሞተሯ ማሰቡን ተወ፤ ያቺን ስሟን የማያውቃትን ወላድ ነበር የሚያስበው። ስድስተኛው ላይ ድምፁ እንደ ትንፋሽ ሆነ። ከሰባተኛው በኋላ ጣቱ ብረቱ ላይ ዝም ብሎ አረፈ። ከጎኑ ሚስቱ ለምልጃው ሁለት ሦስት ቃል ነበር የቀራት።

ለካ የተሳሳተው እሱ ኖሯል። እሱ ጓሮ ውስጥ፣ በጥላ፣ በጠዋት አየር፣ በአንድ አባታችን ሆይ ትበርዳለች ብሎ ፈረደ። እሷ ቃሉን ተሳስታ ተረድታው እውነቱን ስታደርግ ኖረች። እንዳዘዛት ብትነሣ ኖሮ ከአሥራ አንዱ ዓመት በአንዱ ቀን ፒስተኑ ነክሶ፣ እዚሁ አቀበት ላይ… ጆሮ ከዚያ ወዲያ አላሰበም። ቆቡን አወለቀና «ተመስገን» አለ፣ ለሚሰማው።

ሚስቱ ዓይኗን ስትገልጥ አጠገቧ መሬት ላይ ተቀምጦ አገኘችው።

«የውሃዋን ያዢ» አላት።

«እርግጠኛ ነህ?»

«እዚህ ሙቀት ላይ ክንፍ የሚጠጣው ንፋስ የለም። የውሃዋ ንፋሷን ራሷ ታመጣለች፤ ፋኗን ሰምቻታለሁ። የአየሯን ለክትባቱ ልጅ ይስጡት፤ የሱ መንገድ ሜዳ ነው፣ ትመቸዋለች። እሷም ክፉ ሞተር አይደለችም።»

«አንተስ? እንዴት አድርገህ ልታዳምጣት ነው?»

«አላዳምጣትም» አለ ጆሮ። «የኔ ጆሮ የሚሰማው ጓሮ ውስጥ ነው። እዚያ ላይ የምትጮኸውን ሴት አይሰማም። እሷን መስማት ያንቺ ነው።»

ሚስቱ ቅባት የጠጣውን እጁን ያዘችና በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችለት፤ ቀሚሷ የሥራ ነጭ መሆኑን ያስታወሰችው ከጨረሰች በኋላ ነው።

ዲስኩር ወሬውን ሲሰማ የድል ንግግር ሊጀምር ነበር፤ የጆሮን ፊት አይቶ ተወው። በምትኩ ሁለት ሰዓት ሙሉ ስለ ቴርሞስታት፣ ስለ ፓምፕ፣ ከቧንቧ ውሃ ይልቅ የራሱ ማቀዝቀዣ ፈሳሽ ለምን እንደሚሻል አስረዳው። ጆሮ እንደ ተማሪ ደብተር ይዞ ሁሉንም ጻፈ። «ሙቅ ሆና ክዳኗን እንዳትከፍት፣ ፊትህን ትገሸልጠዋለች» ሲለው ይህን ሁለት ጊዜ ጻፈው።

በሚቀጥለው ሰኞ ማለዳ አዲሲቱ ሞተር ጓሮ ቆመች። ጆሮ በደብተሩ መሠረት ሁሉንም አየ። ፈሳሹ በሁለቱ መስመሮች መካከል ነው። ላስቲኮቹ ደረቅ ናቸው። ወንፊቱ ጠብቋል። ሚስቱ ወጥታ ተቀመጠችና አስነሳቻት። ልማድ ሆኖበት ካቻቢቴውን ይዞ ተንበረከከ፣ እጀታውን ጆሮው ሥር አደረገ፣ ዓይኑን ጨፈነ።

እንደጠበቀው ነው። ግድግዳ። ከግድግዳው ወዲያ አንድ ሩቅ፣ የረጋ ማጉረምረም። የሚይዘው ነገር አጣ። እንዴት ነው ሂጂ የሚላት?

በዚያ ጸጥታ ውስጥ ግን አንድ ድምፅ አለ። ከሞተሯ አይደለም፤ ከላይ ነው። የሰው ድምፅ ነው፣ ዝግ ያለ፣ ብዙ ጊዜ ከመደጋገሙ የተነሣ የለሰለሰ። ጆሮ ካቻቢቴውን ከጆሮው ነጠለ።

«ምን አልሽ?»

ሚስቱ ደንገጥ አለች። «ምን?»

«አሁን ያልሽው።»

«በየቀኑ የምለውን ነዋ።»

«በየቀኑ?»

«አንተ እዚያ ተደፍተህ ዓይንህን ስትጨፍን የምልህ። አሮጊቷ ስለምትጮህ አትሰማኝም ነበር እንጂ።»

«ምን ትይኝ ነበር?»

የቆቧን ማሰሪያ አገጯ ሥር ስትቆልፍ ጊዜ ወሰደች። ፊቷ ቀላ፤ በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ እንዲህ ስትሆን ያያት ከአንዴ ወይ ከሁለቴ አይበልጥም።

«ተመስገን ይሄን ሰው ለሰጠኸኝ» አለች፤ «አሁን ግን ከመንገዴ አስነሣልኝ፣ ረፈደብኝ።»

ጆሮ ከመንገዷ ተነሣ።

«ሂጂ» አላት።